የላብራቶሪ ወረቀቱ ሲያምር አትዘናጉ፦ የእጥበት ታካሚ አመጋገብ በደም ምርመራ እንዴት ይታያል?

የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው የላብራቶሪ ወረቀት አንድ ተንኮል አለው። አንዳንዴ ሰውየው እየከሳ ሲሄድ ቁጥሩ እያማረ ይሄዳል። ዩሪያው (ከፕሮቲን የሚቀረው ቆሻሻ) ወርዷል። ፖታሺየሙ ልክ ገብቷል። ስንት ወር ሲያስቸግር የከረመው ፎስፈረስም ጸጥ ብሏል። ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ «በርታ፣ እንደዚሁ ቀጥል» ይባላል። ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ላለፉት ሦስት ሳምንታት ምግብ አልበላ ብሎታል። የወረደው ቁጥር የረሃብ ቁጥር ነው።

ይህን የምጽፈው ለታካሚውና ለአስታማሚው ነው። በእጥበት ክፍል አዲስ የገባ ነርስ ቢያነበውም አይከፋም። ሐኪሙን የሚተካ ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በወረቀቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ ምን ገባ (ምግብ)፣ ምን ወጣ (እጥበቱና የቀረ ሽንት ካለ እሱ)፣ ውስጥ ምን እየሆነ ነው (ኢንፌክሽን፣ የጡንቻ መፍረስ፣ የውሃ መጠራቀም)። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን «በደንብ በልቷል» ወይም «አልበላም» ሊል አይችልም።

ደረጃ 1፦ ደሙ በትክክል መወሰዱን አረጋግጡ

አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ከእጥበት በፊት፣ መርፌው እንደገባ፣ ሳላይንም (የጨው ውሃ) ሄፓሪንም (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ከመነካቱ በፊት ነው። በካቴተር (ወደ ደም ሥር በገባ ቱቦ) የሚታጠብ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ደም መድኃኒት ስላለበት ለምርመራ አይውልም። ከእጥበት በኋላ የተወሰደ አልቡሚን (ዋናው የደም ፕሮቲን) ውሃው ስለወጣ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ባለፈው ወር ከእጥበት በፊት ከተወሰደው ጋር አታወዳድሩት።

ቀኑም ለውጥ ያመጣል። በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው በመሃሉ ረጅም እረፍት አለው፤ ከዚያ እረፍት በኋላ የሚወሰድ ዩሪያና ፖታሺየም ከሌላው ቀን ከፍ ይላል። የሚመረጠው የሳምንቱ መካከለኛ እጥበት ነው። ካልሆነም ቢያንስ በየወሩ ያው ቀን ይሁን።

ዩሪያ ብቻ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ ከእጥበት በፊትና በኋላ። ሁለተኛው ሲወሰድ የደም ፓምፑ በደቂቃ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ዝቅ ይደረግና 15 ሰከንድ ያህል ተቆይቶ ይቀዳል። ታካሚው ጫማውን አድርጎ ሊወጣ ሲል የሚወሰድ ከሆነ ከሥጋው ውስጥ የነበረው ዩሪያ ተመልሶ ወደ ደሙ መግባት ስለሚጀምር ስሌቱ ይዛባል።

ደረጃ 2፦ መለኪያውን እዩ

ሁለት ቦታ ተመርምሮ «አልቡሚኑ 38 ነበር፣ አሁን 3.8 ሆነ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። አንዱ በሊትር ግራም፣ ሌላው በዴሲሊትር ግራም ነው፤ ያው ናቸው። የክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ) 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። በዩሪያ ደግሞ አንዳንዱ ላብራቶሪ ሙሉውን ዩሪያ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ፣ ማለትም ቢዩኤን የሚባለውን። ቢዩኤንን በ2.14 ብታባዙ ዩሪያውን ታገኛላችሁ። ሁለቱም በዴሲሊትር ሚሊግራም ከሆኑ፣ ቢዩኤን 60 እና ዩሪያ 128 አንድ ነገር ናቸው።

አልቡሚን የሚለካበት ቀለምም ሁለት ዓይነት ነው፤ ብሮሞክሪዞል ግሪንና ብሮሞክሪዞል ፐርፕል ይባላሉ። ግሪኑ ከፐርፕሉ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ልዩነቱም በዴሲሊትር እስከ ግማሽ ግራም ሊጠጋ ይችላል። እንግዲህ ላብራቶሪ ቀይራችሁ አልቡሚኑ ከ3.9 ወደ 3.5 ቢወርድ መጀመሪያ ላብራቶሪውን ጠይቁ፣ ማዕድ ቤቱን በኋላ። ባይሆን ከአንድ ላብራቶሪ አትለዩ።

ደረጃ 3፦ ደብተር ያዙ

ተራ ደብተር ይበቃል። በአንድ ረድፍ ቀኑን፣ አልቡሚን፣ ሲአርፒ (ኢንፌክሽን ወይም መቆጣት ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን)፣ ከእጥበት በፊትና በኋላ ያለ ዩሪያ፣ ክሪያቲኒን፣ ፖታሺየም፣ ፎስፈረስ፣ ባይካርቦኔት፣ ኮሌስትሮል እና ከእጥበት በኋላ ያለውን ክብደት ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ በዚያ ወር የሆነውን፦ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ አንድ እጥበት ቀርቷል፣ ጾሟል፣ ጥርሱን ታምሟል። ይህቺ የጎን ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ትበልጣለች። የ6 ወር መስመር ከአንድ ወር ውጤት እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ አልቡሚንን አንብቡ፣ ግን ብቻውን አትመኑት

አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ግማሹ ለመተካት 20 ቀን ያህል ይፈጃል። ትናንት በደንብ ስለተበላ ዛሬ አይነሳም፣ ሳምንት ሙሉ ቢበላም ብዙ አያንቀሳቅሰውም። የኩላሊት አመጋገብና ሜታቦሊዝም ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2008 ባወጣው መስፈርት፣ በግሪን ቀለም ተለክቶ በዴሲሊትር ከ3.8 ግራም በታች ከሆነ የሰውነት ማለቅ አንድ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ራሱ ከክብደት፣ ከጡንቻና ከአመጋገብ መረጃ ጋር አብሮ እንዲታይ ነው የሚለው።

አልቡሚን ወረደ ሲባል ሁሉም «እንቁላል ጨምሩለት» ይላል። እንቁላሉ አይከፋም፣ ግን ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አልቡሚን ከሚወርድባቸው ምክንያቶች ትልቁ በሰውነት ውስጥ ያለ መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) እና ኢንፌክሽን ነው፤ ጉበቱ እሳት ለማጥፋት ሲሯሯጥ አልቡሚን መሥራቱን ይቀንሳል። ውሃ ከበዛም ደሙ ይቀጥንና አልቡሚኑ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ልክ ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመር ጨው እንደሚጠፋው። በሽንት ፕሮቲን የሚያፈስ ሰውም አለ። በሆድ ዕቃ እጥበት (ሆድ ውስጥ ፈሳሽ በመጨመር የሚደረገው) የሚጠቀም ታካሚ ደግሞ በየቀኑ ከ5 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን ከፈሳሹ ጋር ያጣል። የጉበት በሽታም አለ። በተቃራኒው መቆጣትም ኢንፌክሽንም የሌለበት ሰው በረሃብ ብቻ አጥንቱ እስኪወጣ ከስቶ አልቡሚኑ ደህና ሊሆን ይችላል! ስለዚህ ጥሩ አልቡሚን አይቶ መዘናጋትም ስህተት ነው።

መፍትሔው አልቡሚንን ከሲአርፒ ጋር ማየት ነው። ሲአርፒ ላብራቶሪው ከጻፈው ጣሪያ በላይ ከወጣ መጀመሪያ እሳቱን ፈልጉ፦ የካቴተሩ መውጫ ቀልቷል ወይ? መግል አለው? የእግር ቁስል አለ? ድዱ ያብጣል፣ ይደማል? ሳል አለ? በእጥበቱ መሃል ብርድ ብርድ ይለዋል? ለእጥበት ገብቶ የነበረና አገልግሎቱ ያበቃ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ወይም መሥራት ያቆመ የተተከለ ኩላሊት እንኳ ድምፁን አጥፍቶ ሲአርፒን ከፍ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። ይህ ሳይታከም ምግብ ብቻ ብትጨምሩ አልቡሚኑ ንቅንቅ አይልም፣ እናንተም ታካሚው እንደሰነፈ አድርጋችሁ ትወቅሱታላችሁ። ይህን ወቀሳ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ደስ አይልም።

ፕሪአልቡሚን የሚባልም አለ። ግማሹ ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ስለሚተካ ለውጥን ቶሎ ያሳያል። ነገር ግን ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለጤነኛ ሰው በቂ የሚባለው ቁጥር ለእጥበት ታካሚ በቂ አይደለም፣ በዴሲሊትር ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። እሱም በኢንፌክሽን ይወርዳል። ካልተገኘ ብዙ አትጨነቁ።

ደረጃ 5፦ ዩሪያ፣ ማለትም የፕሮቲኑ ዱካ

ዩሪያ የፕሮቲን አመድ ነው። ፕሮቲን ሲቃጠል የሚቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ከእጥበት በፊት ያለው ዩሪያ ምን ያህል ፕሮቲን እንደገባ ይጠቁማል፣ ግን እጥበቱ ምን ያህል እንደጠረገ ካልታወቀ ትርጉሙ ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስታርቅ ስሌት አለ፤ ኤንፒሲአር ይሉታል፣ በቀን በኪሎ ስንት ግራም ፕሮቲን እየፈረሰ እንደሆነ ይናገራል። ብዙ የእጥበት ማዕከላት ኬቲ/ቪ የሚባለውን የእጥበት ጥራት ቁጥር ሲያወጡ እሱንም ማውጣት ይችላሉ። ካላወጡላችሁ ጠይቁ።

ራሳችሁ ልታሰሉት ብትፈልጉ፣ በሳምንት 3 ጊዜ ለሚታጠብ፣ ሽንት ለሌለው ሰው፣ ናሙናው በሳምንቱ መካከለኛ እጥበት ከተወሰደ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 56.4ን ለኬቲ/ቪ አካፍሉ። ኬቲ/ቪን በ1.15 አባዙ። ሁለቱን ደምራችሁ 25.8 ጨምሩበት። ከእጥበት በፊት ያለውን ቢዩኤን (በዴሲሊትር ሚሊግራም) ለዚህ ድምር አካፍሉና 0.168 ደምሩበት።

ቢዩኤኑ 60፣ ኬቲ/ቪው 1.3 ከሆነ ውጤቱ 1.02 አካባቢ ይመጣል። ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ለእጥበት ታካሚ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው። አሁን ቢዩኤኑን 35 አድርጉት፣ እጥበቱ ያው ይሁን። ውጤቱ 0.66 ነው። ያ «ያማረ» ዩሪያ ማለት ሰውየው ከሚያስፈልገው ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ብቻ ነው የሚያገኘው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢዩኤኑን ወደ 60 መልሱና ኬቲ/ቪውን 0.9 አድርጉት፦ 0.84 ይመጣል። ዩሪያው ያው 60፣ ነገር ግን ይህኛው ሰው ትንሽ እየበላ፣ ትንሽ እየታጠበ ነው። በወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ሰው ጋር መንታ ይመስላሉ።

አንድ ወጥመድ አለው። ስሌቱ ሰውነቱ በሰላም ላይ እንዳለ ያስባል። ታካሚው ትኩሳት ላይ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወይም የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ከሆነ ዩሪያው ከምግብ ሳይሆን ከገዛ ሥጋው ነው የሚመጣው። ኤንፒሲአሩ ያምራል፣ ክብደቱ ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚደማ ሰውም ዩሪያው ሳይበላ ከፍ ይላል፤ ሰገራው ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ክሪያቲኒን ሲወርድ አታጨብጭቡ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኩላሊት ሳይቆም በፊት ክሪያቲኒን መውረዱ የምሥራች ነበር፤ ያ ልማድ አብሮ ይመጣል። እጥበት ላይ ላለ፣ ሽንት ለሌለው ሰው ግን ክሪያቲኒን የጡንቻ መጠን ነው። ብዙ ጡንቻ ያለው ጎልማሳ ከእጥበት በፊት በዴሲሊትር 12 ወይም 14 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፣ ያ መጥፎ አይደለም። በ6 ወር ውስጥ ከ11 ወደ 8 ከወረደ፣ እጥበቱም ካልተቀየረ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ እየሰፋ መሆኑን እዩ።

ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ። የ24 ሰዓት ሽንት በንጹሕ ዕቃ ሰብስባችሁ ለኩ። ሽንቱ ከበፊቱ ጨምሮ ከሆነ ኩላሊቱ ትንሽ እያገዘ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ እጥበት ከጀመረ ጥቂት ወራት ብቻ ከሆነው፤ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሽንቱ ያው ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ የወረደው ጡንቻ ነው።

ደረጃ 7፦ የቀሩትን ቶሎ ቶሎ

ፖታሺየምና ፎስፈረስ ፕሮቲን ካለበት ምግብ ጋር አብረው ይገባሉ፣ አብረውም ይጠፋሉ። ሁለቱም ከዩሪያ ጋር በአንድ ወር ከወረዱ ሳህኑ ባዶ እየሆነ ነው። ፎስፈረስ በዴሲሊትር ከ3.5 ሚሊግራም በታች ወርዶ ታካሚው አሁንም የፎስፈረስ ማሰሪያ ክኒኑን (የምግቡን ፎስፈረስ አንጀት ውስጥ የሚይዘውን) እየዋጠ ከሆነ መጠኑ መከለስ አለበት፤ የሚታሰር ነገር የለምና። ፖታሺየም በድንገት ከወጣና ምግቡ ካልተቀየረ ደግሞ ናሙናው ሲወሰድ የደም ሕዋሳቱ ፈርሰው ይሆናል። ይድገሙት። ድጋሚውን እየጠበቃችሁ ግን ከፍተኛ ፖታሺየምን ቸል አትበሉ፤ ልብ ያቆማል።

ባይካርቦኔት የአሲዱ መለኪያ ነው። ከእጥበት በፊት በሊትር ከ22 ሚሊሞል በታች ከሆነ አሲድ በዝቷል፤ አሲድ ደግሞ ጡንቻ ያፈርሳል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ሰው ፕሮቲን መብላት ሲያቆም ግን አሲዱም ስለሚቀንስ ባይካርቦኔቱ ደህና ይመስላል። ያው የፊተኛው ተንኮል።

ኮሌስትሮል በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት የማይወስድ ከሆነ ደግሞ በተለይ፣ አትደሰቱ። ፌሪቲን የብረት ክምችት ነው ቢባልም በኢንፌክሽን ስለሚጨምር የአመጋገብ ምስክር አድርጋችሁ አትያዙት።

ደረጃ 8፦ ከወረቀቱ ቀና ብላችሁ ሰውየውን እዩ

ከእጥበት በኋላ ያለው ክብደት (ትርፍ ውሃው ሲወጣ እንዲደረስበት የሚወሰነው ደረቅ ክብደት ይባላል) በ3 ወር ውስጥ 5 በመቶ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ሳይፈለግ ከወረደ ከባድ ምልክት ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በ3 ወር 57 ከገባ ማለት ነው።

ችግሩ ክብደቱ ላይወርድ ይችላል። ሥጋው ያልቃል፣ ቦታውን ውሃ ይይዘዋል፣ ሚዛኑ ያው 60 ይላል። ደረቅ ክብደቱ ካልተስተካከለ የደም ግፊቱ ይወጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ ማታ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አልቡሚኑም በውሃው ቀጥኖ ይወርዳል። ግፊቱ ሲወጣ የግፊት ክኒን ይጨመርለታል፤ ሰውየው ግን የከሳ ሰው ነው፣ በውሃ የተሞላ። እንዲህ ያለውን ወረቀት አያሳይም። የወጣው የአንገቱ አጥንት፣ የሰረጎደው ጉንጩ፣ የጨበጣችሁት ክንዱ ነው የሚነግራችሁ። ጨብጡት፣ «ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ» በሉት። ካለፈው ወር ላልቷል?

ደረጃ 9፦ አያይዛችሁ አንብቡ

አልቡሚን ዝቅ፣ ሲአርፒ ከፍ ካለ ኢንፌክሽን ፍለጋ ይቅደም። አልቡሚን በዝግታ እየወረደ፣ ሲአርፒ ጸጥ ብሎ፣ ዩሪያ፣ ፎስፈረስና ክሪያቲኒን አብረው እየወረዱ ከሆነ ሰውየው አልበላም። አልቡሚን ወርዶ ግፊትና እብጠት ከጨመረ ውሃ ነው። ዩሪያ፣ ፖታሺየምና ፎስፈረስ በአንዴ ከወጡና የተለየ ነገር ካልበላ ወደ ምግቡ አትሩጡ፤ እጥበት ቀርቶ፣ ሰዓቱ አጥሮ ወይም ፊስቱላው (ለእጥበት በቀዶ ሕክምና የተዘጋጀው የደም ሥር) ጠቦ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ምግብ ብትከለክሉት በእጥበቱ ጥፋት እሱን ትቀጡታላችሁ። ደግሞም በደንብ ያልታጠበ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል።

ደረጃ 10፦ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙና የሥነ ምግብ ባለሙያው ጋ ግቡ

የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ «ድሮ የተከለከለው ምግብ አሁንም ተከልክሏል ወይ?» እጥበት ከመጀመሩ በፊት ፕሮቲን እንዲቀንስ የተነገረው ሰው ያንኑ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓመታት ይኖራል። እጥበት ሲጀመር ሕጉ ይገለበጣል፤ እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን ይወስዳልና። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን፣ ጉልበት ደግሞ በኪሎ ከ25 እስከ 35 ኪሎካሎሪ፣ ማለትም ከ1500 እስከ 2100 ይሆናል። 60 ግራም ፕሮቲን ማለት 60 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም፤ ሥጋ ውስጥ ውሃም ስብም አለ። ጉልበቱ ካልሞላ ሰውነቱ ያንን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል፣ ስለዚህ ፕሮቲን ብቻ መቁጠር አይበቃም።

ከዚያ ጠይቁ፦ ኬቲ/ቪው ስንት ነው? ደረቅ ክብደቱ መቼ ነው የተከለሰው? ሲአርፒ ለምን ከፍ አለ? ምግብ የሚያስጠላው መድኃኒት አለ ወይ? ጥርሱ ይታይ? ድብርት ይኖርበት ይሆን? በአፍ የሚወሰድ የፕሮቲን ማሟያ ቢታዘዝለት፣ በእጥበቱ ሰዓትስ ቢወስደው?

ምንም ቢቀየር የተቀየረበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ዩሪያና ፎስፈረስ በሚቀጥለው ወር ምርመራ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አልቡሚን ከ2 እስከ 3 ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። ክሪያቲኒን፣ ጡንቻ ነውና፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚመለሰው።